«ይበቃል» የሚለው ቃል

አንድ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ካቴኪዝም ይዘው፥ ሁለቱም «ሉተራን ነን» እያሉ አብረው የማይቆርቡ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ትዕቢት ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን እንመርምር። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1530 የቀረበው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ በ7ኛው አንቀጹ፥ ለቤተ ክርስቲያን አንድነት በወንጌል ትምህርትና በምሥጢራት አፈጻጸም መስማማት ይበቃል፤ ሰው የሠራው ሥርዓት ግን በየቦታው አንድ መሆን የለበትም ይላል። ክርክሩ የሚነሣው «ይበቃል» ከሚለው ቃል ነው። አንዳንዶች ዋናው ወንጌል ከተያዘ ይበቃል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በወንጌል መስማማት ማለት መጽሐፍ ቅዱስ በሚያስተምረው ሁሉ መስማማት ነው ይላሉ።

በአሜሪካ የሚዙሪና የዊስኮንሲን ሲኖዶሶች ከ1872 ጀምሮ በአንድ ጉባኤ ሥር ነበሩ። በኋላ ሚዙሪ፥ በትምህርት ገና ካልተስማማናቸው ሉተራውያን ጋር ስንወያይ አብረን መጸለይ እንችላለን አለ። ዊስኮንሲን ግን ጸሎት፥ ስብከትና ቁርባን የአንድ እምነት ምስክር ስለሆኑ አይነጣጠሉም አለ። ከሌሎች ጉዳዮችም ጋር ከ20 ዓመት በላይ ከተከራከሩ በኋላ ዊስኮንሲን በ1961 ኅብረቱን አቋረጠ፤ ጉባኤውም በ1967 ፈረሰ። በሁለቱ ሲኖዶሶች የተከፈሉ ዘመዳሞች በአንድ መሠዊያ ፊት መቁረብ ቀረባቸው።

ጥያቄው ወደ አገራችንም መጥቷል። በ1959 የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ በ1963 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ሆነች። በ2013 ግን ስለ ጋብቻ በተነሣው የትምህርት ልዩነት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን የቁርባንና የስብከት ኅብረት አቋረጠች፤ ከፌዴሬሽኑ ግን አልወጣችም። ለአባቶቻችን ወንጌልን ካመጡት መካከል ስዊድናውያን ስለሚገኙ ነገሩ ቀላል አልነበረም።

እንግዲህ ምን እንማራለን? አንደኛ፥ አብሮ አለመቁረብ «ያኛው ክርስቲያን አይደለም» ማለት አይደለም፤ ዊስኮንሲንም ይህን አላለም። ሁለተኛ፥ እነዚያ የተለያዩት ለብዙ ዓመታት ተነጋግረው፥ ስለ ትምህርት ነው። እኛ ግን ስለ መዘምራን ልብስና ስለ ጊታር በአንድ ቀን እንቀያየማለን። ይህ መግለጫው አንድ መሆን የለበትም ያለው ነገር አይደለምን? እውነትን በፍቅር እንያዝ (ኤፌ. 4፥15)።

የመወያያ ጥያቄ፦ በማኅበራችን ካሉት አለመግባባቶች የትኛው ስለ ወንጌል ነው? የትኛውስ ስለ ሰው ሥርዓት?