ስለ ተማሪ ኑሮ አያያዝ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ሽቅብ ብሎ ሽሮ ሜዳ የደረሰ ሰው ሁሉ የጥበብ ቀሚስና ጋቢ ተሰቅሎ ያያል። ሸማኔው ግን ማጉን በመወርወሪያ ከመወርወሩ በፊት ድሩን ማድራት እንዳለበት ብዙዎቻችን አናስብም። ድሩ ካልተደራ የቱንም ያህል ቢተጋ ጨርቅ አይወጣለትም። የተማሪም ኑሮ እንደዚሁ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ስለ ሁለት ድሮች፥ ይኸውም ስለ ገንዘብና ስለ ሰዓት፥ ከራሴ ጥፋት የተማርሁትን ለጓደኞቼ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ምግባችን። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በአራት ኪሎ ሲከፈት ተማሪው የሚበላውም የሚተኛውም በመንግሥት ወጪ ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ግን በወጪ መጋራት ሥርዓት የምግቡና የመኝታው ወጪ፥ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉ፥ ተመራቂው ሥራ ሲይዝ የሚከፍለው ዕዳ ሆኗል። እንግዲህ በካፌ የምንበላው እንጀራም ሆነ «ነን ካፌ» ሆነን የምንቀበለው ገንዘብ የነገው ደመወዛችን ነው።

እኔ በአንደኛ ዓመት «ነን ካፌ» ነበርሁ። አንድ ጊዜ የወሩን ገንዘብ በተቀበልሁ በዐሥረኛው ቀን ኪሴ ባዶ ሆነ። ምን ላይ እንደዋለ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም፤ በማኪያቶ፥ በታክሲ፥ ለጓደኛ በብድር በጥቂት በጥቂቱ አልቋል። የቀሩትን ቀናት በሻይና በዳቦ ገፋሁ። ለእናቴም ደውዬ «መጽሐፍ ልገዛ ነው» አልኋት። እርሷም በግ ሸጣ ላከችልኝ። በክረምት አገሬ ስገባ «እስቲ መጽሐፉን አሳየኝ» አለችኝ። ማንበብ አትችልም፤ በእጅዋ ልትዳስሰው ብቻ ነበር የፈለገችው። የዚያን ቀን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ዘዴ ቀላል ነው። አንደኛ፥ ገንዘቡ በእጅ እንደገባ ለወሩ መጨረሻ ሁለት ቀን የሚበቃው ይነሣለትና የቀረው ለአራት ሳምንት በአራት ፖስታ ይከፈላል። የሚመጣው ሳምንት ፖስታ ቀኑ ሳይደርስ አይከፈትም። ሁለተኛ፥ የወጣው ሁሉ፥ አምስት ብርም ብትሆን፥ ማታ በደብተር ይጻፋል። ሦስተኛ፥ ለጓደኛ የሚበደረው ከያዝነው ሳምንት ፖስታ ብቻ ነው።

ስለ ሰዓትም እንዲሁ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ባደረገው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳተመው፥ ሰው ካጠናው ነገር ብዙውን የሚረሳው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው፤ እየደጋገሙ የከለሱት ግን ይቆያል። ስለዚህ የጠዋቱን ትምህርት በዚያው ማታ ለግማሽ ሰዓት መከለስ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን በጥናት ከማንጋት ይሻላል። የመኝታውም ሰዓት እንደ ክፍሉ ሰዓት ቁርጥ ያለ ይሁን፤ እንቅልፍ ያልጠገበ አእምሮ ያነበበውን አይዝም።

በመጨረሻም፥ ቁጠባ ስስት አይደለም። ከመካከላችን «በልቻለሁ» እያለ ጦሙን የሚያድር አይጠፋም፤ እኔም ብዬው ስለነበር ድምፁን አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለውን ጓደኛ ጥያቄ ሳናበዛ ወደ ትሪው እንጥራው። ሲጠግብም ስለ ፖስታውና ስለ ደብተሩ እንንገረው።