ፊደሉ ካልተነበበ ግራፉ አልተሠራም

ልጄ፣ የላክልኝን ግራፎች አየኋቸው። ስሌቱ ላይ የምለው የለኝም፤ ፊደሉን ግን ገና አላከበርከውም። እኔም በጉብዝናዬ ወራት ለስብሰባ ያዘጋጀሁት ሪፖርት ታትሞ ሲመጣ የወረዳዎቹ ስም በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቆየኝ። ዓምዶቹ ቆመዋል፤ የየትኛው ወረዳ እንደሆኑ የሚያውቅ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ የያዝኩትን ልንገርህ።

1. ፎንቱን ራስህ ምረጥ። የፓይተኑ ማትፕሎትሊብ ዝም ካልከው ደጃቩ ሳንስን ያነሳል፤ በዚያ ፎንት ውስጥ የእኛ ፊደል የለም። «4768 ጠፋ» ብሎ ካስጠነቀቀህ የጠፋው «አ» ነው፤ ቁጥሩ የዩኒኮድ መለያው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫን፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ከዚያ ስሙን ኮዱ ላይ ጻፍ።

2. የግራፎቹን ገጽታ (ቲሙን) አንዴ ወስን። ፎንቱን፣ መጠኑን፣ የጀርባውን ቀለምና መስመሮቹን ከኮዱ አናት አስቀምጣቸው፤ ሁሉም ግራፍ ከዚያ ይውሰድ። ሃያ ግራፍ አንድ በአንድ የሚያስተካክል ሰው አንዱን መርሳቱ አይቀርም።

3. አታሳንሰው። የአር (R) ቋንቋው ጂጂፕሎት ዝም ካልከው ጽሑፉ 11 ነጥብ ነው፤ የዘንጎቹን ጽሑፍ ደግሞ ወደ 8.8 ያወርደዋል። «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ሰ»ን ከ«ሸ» የምትለየው አናት ላይ ያለች ሰረዝ ናት። ጽሑፉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት።

4. አታዝምመው። ላቲን በትልልቅ ፊደልና በዘመም ጽሑፍ ያጎላል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ማዘመምም አልለመደበትም። ርዕስህን በመጠንና በድምቀት ለይ። ስሞቹ ከረዘሙብህ ዓምዶቹን አጋድማቸው እንጂ አንባቢውን አንገቱን አታጣምመው።

5. በሰንደቅ ዓላማ ቀለም አትፈተን። አረንጓዴና ቀይን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ፤ በተለይ ወንዶች። ሰማያዊና ብርቱካናማ ይሻልሃል። ደግሞም በጥቁርና ነጭ አትመህ እየው፤ ብዙ ቢሮ የሚያነበው እንደዚያ ነው።

6. ፒዲኤፉን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ክፈተው። አንተ ጋ ያለው ፎንት እሱ ጋ ላይኖር ይችላል፤ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ መግባቱን ሳታረጋግጥ ወደ ማተሚያ ቤት አትላክ።

በል እንግዲህ፣ ያንን ግራፍ ዛሬውኑ በወረቀት አትመህ በክንድህ ርቀት ያዘው። የ«ኘ» ሰረዝ ካልታየችህ፣ አልጨረስክም።