የሮም ድመቶችና መጋቢዎቻቸው

በሮም ከተማ መካከል ላርጎ ዲ ቶሬ አርጀንቲና የሚባል አደባባይ አለ። በዙሪያው መኪና ይሮጣል፤ ሰውም ይጋፋል። በመካከሉ ግን ከመንገዱ በታች ጠለቅ ያለ ሰፊ ጕድጓድ ይታያል። ወደ ታች ቢመለከቱ የተሰበሩ የድንጋይ ዓምዶችና የጥንት ደረጃዎች ይገኛሉ። ይህ ስፍራ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1926 እስከ 1929 ዓ.ም. ተቈፍሮ የወጣ ነው። በላዩ የነበሩት ቤቶች በፈረሱ ጊዜ የአራት ቤተ ጣዖት ፍራሽ ተገኘ። ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት የተገደለበት የጉባኤ ቤትም በዚሁ ስፍራ ዳር ነበረ።

ዛሬ በዚህ ፍራሽ ውስጥ የሚኖሩት ድመቶች ናቸው። አንዱ በተሰበረው ዓምድ ራስ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሌላይቱ ከደረጃው ላይ ተቀምጣ በመዳፏ ፊቷን ታብሳለች። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል፤ ፈገግ ብሎም ይሄዳል። የሚያበላቸውና የሚያስታምማቸው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ሥራ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ደመወዝ አይቀበሉም፤ ያዘዛቸውም የለም። የሮም ሰዎች ጋታሬ ይሏቸዋል፤ ጋቶ ማለት በጣልያን ቋንቋ ድመት ማለት ነውና።

እንግዲህ ልጆች፥ ከእነዚህ ሴቶች አንዲቱን በሐሳባችን እንከተላት፤ ሥራዋንም እንመልከት።

ገና ሳይነጋ ትነሣለች። ምግቡን በቅርጫት፥ ውሃውን በዕቃ ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ ታቀርባለች። ድመቶቹ ሰዓቱን ያውቃሉና ከየድንጋዩ ሥር ብቅ ብቅ ይላሉ። ዝናብ ቢዘንብ፥ ራሷን ቢያማት፥ በዓልም ቢሆን መቅረት አይሆንላትም፤ የድመት ሆድ ዐውደ ዓመት አያውቅም።

ምግቡንም አኑራ አትሄድም፤ ቆማ ትቈጥራለች። ግራጫው መጥቷል፤ አንድ ዐይናው መጥቷል፤ ነጭ እግር ያላት መጥታለች። ጥቍሩ ግን የለም። ድመት ሕመሟን የምትሸሽግ እንስሳ ናት፤ ስለዚህ ከማዕድ የቀረች ድመት ምናልባት ታማ ይሆናል ተብሎ ትፈለጋለች። በልተው ሲጨርሱ ሴቲቱ ሳሕኑን ታጥባለች፥ ትርፉንም ትጠርጋለች፤ ትርፍ ከቀረ ዝንብና አይጥ ይሰበስባልና። ንጹሕ ውሃም ትሞላላቸዋለች። ብዙ ሰው ለድመት ወተት መስጠት ደግነት ይመስለዋል። ነገር ግን ያደጉትን ብዙዎቹን ድመቶች የላም ወተት ሆዳቸውን ያውካቸዋል፤ ውሃ ይሻላቸዋል።

በዚህ ጊዜ አንድ ጐረቤት መስኮቱን ከፍቶ ይጮኽባታል። «አንቺ ሴትዮ፥ አንቺ ስለምታበያቸው አይደለምን የሚበዙት? ሌሊት በጩኸታቸው እንቅልፍ አጣን፤ ደጃችንም ሸተተ!» ይላታል። እርስዋም ብትቈጣ ነገሩ ይከፋል፤ ሰውየው ነገ ሳሕኑን ይሰብራል፥ ወይም መርዝ ያስቀምጣል። ስለዚህ ዝም ብላ መስማት ግድ ይሆንባታል። እውነቱን ለመናገር ጐረቤቱ ሐሰት አልተናገረም። ወፍ የሚወዱ ሰዎችም የሚያቀርቡት ነገር አለ፤ ድመት ጠግባም ቢሆን ወፍ ታድናለች። የእኛ ሰዎች «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

ድመት እንዴት እንደምትበዛ ተመልከቱ። አንዲት እንስት ድመት በአምስት ወይም በስድስት ወሯ ልትፀንስ ትችላለች። እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ያህል ነው። በአንድ ጊዜ አራት ያህል ግልገሎች ትወልዳለች፤ እነዚያንም ጡት ሳታስጥል ዳግመኛ ልትፀንስ ትችላለች። እንግዲህ ምግብ ብቻ የሚሰጥ ሰው የዛሬዎቹን ያጠግባል፤ በሚመጣው ዓመት የሚራቡትን ግን ያበዛል። የጋታሬዎቹ ከባዱ ሥራ ከዚህ ላይ ይጀምራል።

በአገራችን አውራ ፍየል ሲኰላሽ ሙክት ይባላል፤ ከዚያ በኋላ አይወልድም። ለወንዱ ድመትም እንዲሁ ይደረጋል። ለእንስቲቱ ግን የእንስሳት ሐኪም በመድኃኒት አስተኝቶ፥ ሆዷን ጥቂት ከፍቶ፥ የምትወልድበትን ብልት ያወጣል፤ መልሶም ይሰፋል። ገና ተኝታ ሳለች ከጆሮዋ ጫፍ ጥቂት ይቈረጣል። ይህ ምልክት ከሩቅ ስለሚታይ ሁለተኛ እንዳትያዝ ይጠብቃታል። ከዳነችም በኋላ ወደ ተያዘችበት ስፍራ ትመለሳለች።

«ለምን ትመለሳለች? ለምን ጨርሰው አይወስዷቸውም?» የሚል ይኖራል። ምግብና መጠለያ ያለበት ስፍራ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ የነበሩት ቢወሰዱ ሌሎች ይመጣሉ፥ እነዚያም ይዋለዳሉ። የጣልያን መንግሥት በ1991 ዓ.ም. ባወጣው በ281 ቍጥር ሕግ በነጻነት የሚኖሩትን ድመቶች ማሠቃየት ከለከለ። እንዳይወልዱ ተደርገው ወደ ማኅበራቸው እንዲመለሱ አዘዘ። በብርቱ ካልታመሙ ወይም የማይድኑ ካልሆኑ በቀር እንዳይገደሉም ወሰነ።

አሁን ስለ መያዙ እንናገር። ከሰው ቤት የተጣለች ድመት ሰው ታውቃለች፤ በጥቂት ቀን ትለማመዳለች። በፍራሽ ውስጥ የተወለደችው ግን ሌላ ናት። ግልገል ከተወለደች ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ የሰው እጅ ካልነካት ካደገች በኋላ ሰውን እንደ አውሬ ትፈራለች። እንዲህ ያለችውን በእጅ መያዝ አይቻልም። በሽቦ የተሠራ ሳጥን ይዘጋጅላታል፤ ምግቡ ከውስጥ ጫፍ ይቀመጣል፤ ስትረግጠው መዝጊያው ከኋላዋ ይወድቃል። ወጥመዱ ከመዘርጋቱ አስቀድሞ አንድ ቀን ምግብ ይከለከላል፤ የጠገበች ድመት ወደ ሳጥን አትገባምና። የራቡት ድመቶች በእግሯ ሥር እየጮኹ ሲለምኗት ሴቲቱ እጇን መሰብሰብ ይኖርባታል። በየቀኑ ለምታበላ ሰው ይህ ከሁሉ የከበደ ቀን ይመስለኛል።

በማኅበሩ መካከል አንዲት ዝንጕርጕር እንስት አለች እንበል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወጥመዱን ዞራ እያየች ትሄዳለች። ሌላዋ ድመት ስትያዝ አይታለችና አትገባም። ሴቲቱ ከድንጋይ ኋላ በብርድ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የሐኪሙን ቀጠሮ ለማግኘት ብዙ ደክማለች፤ ነገ ጧት ካልደረሰች ተራው ለሌላ ይሰጣል። በመጨረሻ ማታ መዝጊያው ወደቀ። ድመቲቱ ሽቦውን እየመታች ትዘላለች። ሴቲቱ ጨርቅ ትከድንባታለች፤ ድመት ከጨለማ ውስጥ ስትሆን ዝም ትላለች። ጨርቁንም ከመክደኗ በፊት በመብራት ስታያት ጡቷ አብጦ፥ በዙሪያውም ጠጕሩ ተልሶ አየች። ታጠባለች ማለት ነው።

ልጆች፥ የሴቲቱን ጭንቀት አስቡ። ድመቲቱን ብትይዛት ነገ ትታከማለች፤ ዳግመኛም አትወልድም። ነገር ግን ግልገሎቿ በአንዱ ቀዳዳ ሌሊቱን ያለ ጡትና ያለ ሙቀት ያድራሉ፤ ታናናሾች ከሆኑም እስኪነጋ ላይቈዩ ይችላሉ። ብትለቃት የሦስት ሳምንት ድካሟ ከንቱ ይሆናል፤ ምናልባትም ድመቲቱ ከእንግዲህ ወዲህ ወጥመዱን አትቀርብም። የሚመክራት ሰው በአጠገቧ የለም። ጥቂት ቆማ አሰበችና መዝጊያውን ከፈተች። ድመቲቱ እንደ ቀስት ተወርውራ በዓምዶቹ መካከል ተሰወረች።

ሌላው ኀዘን ከሰው ይመጣል። አንዳንድ ሰዎች «እዚያ የሚያበላ አለ» ብለው የማይፈልጓቸውን ግልገሎች በካርቶን አድርገው በሌሊት ከፍራሹ ዳር ይጥላሉ። የሴቶቹ ደግነት ለሌላው ሰው ክፋት ማመካኛ ሆነ። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት እነዚህን የሚያስጠጉበት ስፍራ ቢያጡ፥ ከመንገዱ በታች ባለ ጣራው ዝቅ ባለና እርጥበት በሞላበት ዋሻ መሳይ ክፍል ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያ መብራትም የቧንቧ ውሃም አልነበራቸውም። ለምግብና ለመድኃኒት የሚሆነውን ገንዘብ ከጐብኚዎች እየለመኑ አገኙ። በ2023 ዓ.ም. በፍራሹ ውስጥ መሄጃ ተሠርቶ ለጐብኚዎች ሲከፈት ድመቶቹ ከዚያው ነበሩ።

አንድ ነገር ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ይህ ለሮም ብቻ አይደለም። የማታውቋትን ድመት በእጃችሁ አትያዙ፤ ግልገሎቿንም አታንሡ። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመት ንክሻም ይተላለፋል፤ በአገራችንም አለ። ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ልጅ ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ለወላጆቹ ነግሮም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ። እቈጣለሁ ብሎ መደበቅ ነፍስ ያሳጣል።

ወደዚያች ሴት እንመለስ። በማግሥቱ ወጥመዱን አልዘረጋችም። ምግቡን ካቀረበች በኋላ ዝንጕርጕሯ በየት በኩል እንደምትሄድ ከሩቅ ተመለከተች። ድመቲቱ በልታ ዙሪያዋን አየች፤ ከደረጃው ኋላ ዞራም በሁለት ድንጋይ መካከል ገባች። ከውስጡ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ሴቲቱ አልቀረበችም። ግልገሎቹ በእግራቸው እስኪወጡ ድረስ ትጠብቃለች፤ ያን ጊዜ እነርሱን ለማልመድ ገና ጊዜ አለ፥ እናቲቱንም ለመያዝ ሌላ ቀጠሮ ትለምናለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሕኑን በየማለዳው አንድ አንድ እርምጃ ወደ ድንጋዮቹ ታስጠጋ ነበር። በዐሥረኛው ቀን ሦስት ትንንሽ ራሶች ብቅ አሉ። እርስዋም አራተኛ ይኖር እንደ ሆነ ለማየት በዝናብ ውስጥ ቆማ ቈየች።