በጓሮአችን ያሉ ወፎችና አራቱ ወቅቶች



አንድ ቅዳሜ ጧት ለልጆች የማስተምረው ትምህርት ስለ ድንቢጦች ነበር። ጌታችን በገበያ በርካሽ ዋጋ ስለሚሸጡት ድንቢጦች የተናገረውን (ማቴ. 10፥29) ለማስረዳት ተዘጋጅቼ ወደ ግቢው ስገባ፥ ልጆቹ ከእህል ማከማቻው ክፍል በስተኋላ ተሰብስበው አገኘኋቸው። ስድስት ዋኖሶች በመሬት ላይ ሞተው ነበር። ሐሙስ ማታ አይጥ ለማጥፋት በስንዴ የለወስሁትን መርዝ በግድግዳው ሥር የበተንሁት እኔ ነኝ። ከልጆቹ አንዲቱ፥ «መምህር፥ እነዚህን ማን ገደላቸው?» ብላ ስትጠይቀኝ ለጊዜው የምመልሰው አጣሁ። በመጨረሻ ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኋቸው። የዚያ ዕለት ትምህርት እርሱ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በግቢያችን የሚኖሩት ወፎች በየወቅቱ ምን እንደሚበሉ፥ ምን እንደሚጎድላቸው፥ ምንስ እንደሚጎዳቸው ለማወቅ ጥረት አደረግሁ። የዚህ ትምህርት ዋና ሐሳብ አጭር ነው። ወፍን መንከባከብ በመጀመሪያ አለመጉዳት ነው፤ ቀጥሎ በየወቅቱ የጎደላትን ለይቶ ማወቅ ነው፤ እህል መበተን ከሁለቱ በኋላ የሚመጣ ነው።

1. የእኛ ወቅትና የሌላው አገር ወቅት

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለጓሮ ወፎች እህል መስጠት የቆየ ልማድ ነው። በዚያ የችግር ጊዜ የብርዱ ወራት ነው፤ በረዶው ምድርን ይሸፍናል፥ ቀኑ ያጥራል፥ ሌሊቱ ይረዝማል። ስለዚህ ሰዎች በየደጃፋቸው የወፍ መመገቢያ ይሰቅላሉ። በመመገቢያው ውስጥ ከሚጨመሩት የታወቁ ዘሮች አንዱ የእኛው ኑግ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ጥንት ለማዳ የሆነው ይህ የቅባት እህል ከአገራችንና ከህንድ ወደ ውጭ ይላካል። ወደ አሜሪካ የሚገባውም አብሮት የሚሄድ የአረም ዘር እንዳይበቅል በሙቀት ይታከማል።

ይሁን እንጂ የእነርሱን ልማድ እንዳለ ወስደን በታኅሣሥና በጥር እህል ብንበትን ዓላማውን እንስታለን። በእኛ ደጋ በእነዚያ ወራት አውድማው ሙሉ ነው፤ ቃርሚያውም በየማሳው ወድቋል። ስለዚህ የእኛን ዓመት በእኛ ወቅቶች መመልከት ይገባናል።

2. የዓመቱ አራት ወቅቶች

ሀ) ክረምት (ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25)። ምድር ስለምትለመልም ክረምት ወፎች ሁሉ የሚጠግቡበት ጊዜ ይመስለናል። ትልና ነፍሳት ለሚመገቡት ይህ እውነት ነው። ለእህል ለቃሚዎቹ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በበጋ በመሬት ላይ ተበትኖ የቆየው የሣርና የአረም ዘር ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል፤ የበቀለ ዘር ደግሞ አይለቀምም። አዲሱ ሣር ዘር እስኪይዝ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። የገበሬው ጎተራ የሚጎድልበት ጊዜ ለድንቢጧና ለዋኖሷም የጎደሎ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ጥቂት እህል መስጠት ትርጉም የሚኖረው በዚህን ጊዜ ነው። ከወንፊት የቀረ ግርድ፥ የተሰበረ ማሽላ ወይም ዳጉሳ አንድ እፍኝ ያህል ዝናብ በማያገኘው በጣሪያ ክፈፍ ሥር ቢቀመጥ ይበቃል። የተረፈውን ማታ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ርጥብ እህል ይሻግታልና፥ ሻጋታውም ወፍን ይገድላል።

ክረምትና መውጫው ብዙ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበትም ጊዜ ነው። ትልልቆቹ እህል ቢለቅሙም ብዙዎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትልና በነፍሳት ነው። ስለዚህ በጓሮ ጎመን ላይ ያለ ልክ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው፥ ሳያውቅ የጫጩቶቹን ምግብ ያጠፋል፤ ተባዩን ያለ ዋጋ የሚለቅሙለትንም ያሳጣል። ኦሪት ዘዳግም (22፥6-7) እናቲቱን ከጫጩቶችዋ ወይም ከዕንቁላሎችዋ ጋር መውሰድን መከልከሉን ለልጆች ማስረዳት የሚገባውም በዚህ ወቅት ነው።

ላባ አብቅላ ገና መብረር ያልቻለች ጫጩት በመሬት ላይ ብትገኝ፥ ወደ ቤት አይወስዷትም፤ በአቅራቢያው ባለ ቁጥቋጦ ላይ አኑሮ መራቅ ይሻላል። የሰው እጅ ከነካት ወላጆችዋ ይተዋታል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ሰው ዘወር ሲል ብዙውን ጊዜ ተመልሰው ይመግቧታል።

ለ) መፀው (ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25)። የመስቀል ወፍ የሚነሣው በዚህ ወቅት መባቻ ነው። ከሰው ተሰውሮ የሚከርመውን ወዳጅ «የመስቀል ወፍ ሆንህ» እንለዋለን። ነገር ግን በየአካባቢው በዚህ ስም ከሚጠሩት ወፎች አንዳንዶቹ ከሩቅ የመጡ አይደሉም። ተባዕቱ በመራቢያው ጊዜ ቀይ ወይም ቢጫ ላባ ይለብሳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ያንን ጥሎ እንደ እንስቲቱ ቡናማ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ በአጠገባችን እያለ ሳናውቀው እናልፈዋለን።

በእውነት ከሩቅ የሚመጡም አሉ። ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለው ጨረባ ክብደቷ 20 ግራም ያህል ሲሆን፥ የአውሮፓን ብርድ ሸሽታ ባሕርና በረሃ አቋርጣ ትመጣለች። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሽመላዎች፥ ንስሮችና ሌሎች ትልልቅ ወፎች ያልፋሉ። ነቢዩ ኤርምያስ (8፥7) ሽመላና ጨረባ ጊዜያቸውን ማወቃቸውን ለሰው ተግሣጽ አድርጎ የጠቀሰው ይህን ጉዞ ተመልክቶ ነው።

በመፀው እህል መስጠት አያስፈልግም። ሰብል በሚያሸትበት ጊዜ ወፍን በእህል መሳብ ጎረቤትን ሊጎዳም ይችላል። በቆላ ግሪሳ የሚባለው ወፍ በብዙ መንጋ እየወረደ ማሽላን እንደሚያጠፋ የታወቀ ነው፤ አንዱ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል። በማማ ላይ ቆሞ ሰብሉን የሚጠብቅ ገበሬ የልጆቹን እንጀራ ይጠብቃልና የሚነቀፍ አይደለም።

ሐ) በጋ (ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25)። አሁን የሚጎድለው ውሃ ነው። ምንጩ ሲደርቅና ኩሬው ሲጎድል አንድ የሸክላ ሳሕን ውሃ ከአንድ ቁና እህል ይበልጣል። ውሃው ከሁለት ጣት ስፋት የጠለቀ አይሁን፤ ትንንሾቹ ወፎች እንዳይሰጥሙ በመካከሉ ሻካራ ድንጋይ ይቀመጥበት። ድመት እንዳታደባ ከቁጥቋጦ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ራቅ ይበል። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፥ ሳሕኑም በየሳምንቱ በደንብ ይፈተግ።

አበባ የሚቀስሙትንም አንርሳ። መንቁርዋ ረጅምና ቆልማማ የሆነው፥ ሳይንስ በተከዜ ወንዝ ስም የጠራት ትንሽዋ የደጋ ወፍ የአበባ ማር ትመገባለች። እሬት፥ ኮርችና ራስ ክምር በአጥር ጥግ ቢተከሉ ለእርስዋ ማዕድ ናቸው።

መ) ጸደይ (ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25)። እንግዶቹ ወፎች አብዛኞቹ በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። በልግ በሚዘንብበት አገር ምድሩ መልሶ ይረጥባል። ይህ ለክረምቱ ተከላ የሚዘጋጁበት ጊዜ ነው። ሾላ፥ ወይራ፥ ጽድ፥ ቀጋና አጋም ፍሬያቸው የወፍ ምግብ ነው፤ ወፎቹም የወይራውንና የጽዱን ዘር ወስደው በሌላ ስፍራ ስለሚጥሉት ያለ ደመወዝ ደን ይተክላሉ። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ቢጠቅመንም ለወፍ የሚሆን ፍሬ የለውም። በቁምስናው ግቢ አንድ ሾላ የተከለ ሰው ለብዙ ዓመት እህል ከበተነ ሰው የበለጠ ይሰጣል።

3. ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

አንደኛ፥ መርዝ። ለአይጥ የሚሸጠው ዚንክ ፎስፋይድ ከእህል ጋር ሲለወስ ለአይጥ ብቻ የሚለይ አይደለም፤ የለቀመውን ሁሉ ይገድላል። በወጥመድ መጠቀም ይመረጣል። መርዝ የግድ ቢሆን አይጥ ብቻ በሚያስገባ ቀዳዳ ባለው ዝግ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ የሞተውም ሁሉ ተለቅሞ በጥልቀት ይቀበር። እኔ ይህን ባለማድረጌ የሆነውን አንብባችኋል።

ሁለተኛ፥ ንጽሕና። ብዙ ወፎች በአንድ ስፍራ ሲበሉና ሲጠጡ በሽታ ይተላለፋል። በብሪታንያ በርግቦችና በዋኖሶች ዘንድ የቆየ አንድ የጉሮሮ በሽታ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አንድ አረንጓዴ የጓሮ ወፍ ተሻግሮ፥ ቁጥሩን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ4.3 ሚሊዮን ወደ 2.8 ሚሊዮን ገደማ አውርዶታል። ለበሽታው መስፋፋት የጋራ መመገቢያዎቹ ምክንያት ሆነዋል። የታመመ ወፍ ከታየ መመገቡን ማቋረጥና ሥፍራውን ማጽዳት ያስፈልጋል። ዶሮ የሚያረቡም የወፎቹን ሳሕን ከዶሮዎቹ ያርቁ፤ ፈንግልን የመሰለ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላልና።

ሦስተኛ፥ የምግቡ ዓይነት። ጨውና በርበሬ የነካው፥ የሻገተ ወይም የጎመዘዘ ትራፊ አይሰጥ።

4. ሰው እየተራበ ለወፍ?

ይህ ጥያቄ በቁምስናችን ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ለባልንጀራ የሚገባውን እህል ለወፍ መስጠት ፍቅርን ማዛባት ነው። ነገር ግን ከላይ የተዘረዘረውን እንመልከት። አንድ ሳሕን ውሃ፥ አንድ እፍኝ ግርድ፥ ያልተነካ ጎጆ፥ ያልተበተነ መርዝ፥ የተተከለ ሾላ፤ ከእነዚህ ከድሃ አፍ የሚነጠቅ የትኛው ነው? ይልቁንም በጎረቤት ደጃፍ መርዝ የማይበትን ሰው የጎረቤቱን ልጅና ዶሮ ያድናል፤ ዛፍ የሚተክልም ጥላውን ለሁሉ ይተክላል። በጎደሎው ወር የድንቢጧን ረኃብ ያስተዋለ ዐይን፥ በዚያው ወር የጎረቤቱን ጭስ አልባ ምድጃ ሳያይ ማለፍ አይገባውም። ቢያልፍ ግን ትምህርቱ ከንቱ ሆኗል።

5. ለመምህራን፦ ከልጆች ጋር የሚሠራ

ልጆች በግቢያቸው የሚያዩአቸውን ወፎች በአካባቢያቸው በሚጠሩበት ስም ይመዝግቡ፤ በመስከረም፥ በጥር፥ በሚያዝያና በሐምሌ መዝገቡን ያነጻጽሩ። ወንጭፍ የያዘውን ልጅ ከመገሠጽ አስቀድሞ የውሃ ሳሕኑን የመለወጥ ኃላፊነት ስጡት። በእኛ ግቢ ይህን ሥራ የተቀበለው ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወንጭፉን ራሱ አምጥቶ አስረክቦኛል።

ለመወያያ፦
1) በአካባቢያችሁ ለወፎች የጎደሎው ጊዜ መቼ ነው? በምን ታውቃላችሁ?
2) በቤታችሁ የአይጥ መርዝ የት ይቀመጣል? ማን ሊነካው ይችላል?
3) በመጪው ክረምት በቁምስናው ግቢ ምን ዛፍ ትተክላላችሁ? ማንስ ያጠጣዋል?

የዋኖሶቹን ነገር የጠየቀችኝ ልጅ ዛሬ አድጋ በዚያው ቁምስና ሕፃናትን ታስተምራለች። የእህል ማከማቻው ክፍል አሁንም አለ፤ በግድግዳው ሥር ግን ዛሬ የተቀመጠው የውሃ ሳሕን ነው።