ወደ ላንጋኖ መመለስ፦ ለመርካቶና አካባቢው ቤተሰቦች የጉዞ መመሪያ

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,585 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ወደ 240 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቀቱም በአንዳንድ ቦታ ከ45 ሜትር ያልፋል። ውኃው ቡናማ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ወደ ታች የማይዘቅጠው ደቃቅ ደለል ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። ነገር ግን ሐይቁ ከቢልሃርዝያ ነፃ ተብሎ የታወቀ በመሆኑ ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ልጆቹን ዋና ያስተማረው በዚሁ ውኃ ነው። እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ የባሕር ሽርሽር ሲነሣ ምጽዋና ጉርጉሱም ይጠሩ ነበር። ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ አሸዋና ማዕበል የሚናፍቀው የአዲስ አበባ ሰው ፊቱን ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መልሷል።

ሊመለስ የሚነሣ ቤተሰብ ጭራሽ ካልሄደው ይልቅ ለስህተት የተጋለጠ ነው። ያልሄደው ይጠይቃል፤ የሄደው ግን አውቃለሁ ብሎ ዝም ይላል። አያት የሚያስታውሱት በንጉሡ ዘመን የተሠራውን የበቀለ ሞላን ሆቴል ነው፤ አባት የሚያስታውሰው የዋቢ ሸበሌን ግቢ፣ ከውጭ አገር የመጣችው አክስት ደግሞ ድንኳን ተክለው ያደሩበትን ሌሊት። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከስልክ ጥሪ ነው። የድሮው ሆቴል በማን እጅ እንዳለ፣ ክፍሎቹ ታድሰው እንደሆነ፣ ውኃና መብራት በቀን ስንት ሰዓት እንደሚገኝ፣ ጄኔሬተሩ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ አስቀድሞ ይጠየቃል። በምዕራቡ ዳርቻ ሳባናን የመሰሉ ዘመናዊ ሎጆች ተከፍተዋል፤ ከአስፋልቱ ብዙም ስለማይርቁ አዛውንትና ሕፃናት ላሉበት ቤተሰብ ይመቻሉ። የምሥራቁ ዳርቻ ሌላ ዓለም ነው፦ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ጉሬዛ፣ ብዙ ዓይነት ወፍ። እዚያ ለመድረስ ግን ረጅም ኮረኮንች ስላለ ጠንካራ መኪና ያስፈልጋል። ወገባቸውን የሚያማቸው አያት ባሉበት ጉዞ ምሥራቁን መምረጥ፣ ደኑ ምንም ቢያምር፣ አይመከርም።

ክፍል ሲያዝ ሦስት ነገር በጽሑፍ ወይም ቢያንስ በአጭር መልእክት እንዲረጋገጥ ይደረግ፦ ዋጋው ከነቁርሱ መሆኑ፣ ተጨማሪ ፍራሽ የሚያስከፍለው፣ ምግብና መጠጥ ከውጭ ማስገባት መፈቀዱ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የበር ላይ ጭቅጭቅ ያስነሣል። ሙሉ ዳቦ፣ ቆሎና ምግብ በሰሃን ይዞ የደረሰ ቤተሰብ ከጥበቃ ጋር ሲሟገት ማየት የተለመደ ነው።

ጊዜውን መምረጥ ለነጋዴ ቤተሰብ የራሱ ጣጣ አለው። ሽንኩርት በሚሸጥበት ሰፈር የበዓል ዋዜማ የዓመቱ ትልቁ ሥራ ነው፤ ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራምና የፋሲካ፣ የገናና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሱቅ ተዘግቶ አይኬድም። ነጋዴው እረፍት የሚያገኘው ከበዓሉ በኋላ ነው፤ ላንጋኖም ጢም ብሎ የሚሞላውና ዋጋው የሚንረው ያኔ ነው። መፍትሔው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉትን ቀናት መጠቀም ነው። በእነዚህ ቀናት አሸዋው ባዶ ይሆናል፤ ዋጋ ለመደራደርም ይቀላል። በወቅት ደረጃ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ መንገዱን ያጨቀየዋል። ከክረምቱ መውጫ አንሥቶ እስከ ኅዳር ድረስ ደግሞ የወባ ትንኝ ይበዛል። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች የወባ መከላከያ መድኃኒት ከመነሣታቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው፤ አጎበርም ከቤት ይያዝ፣ ሎጁ አለን ቢልም።

ለውጭ ዜጋ ዘመዶች አንድ የወረቀት ጉዳይ አለ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ሁሉ ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ያለ ቪዛ ለመግባት ያስችላል። ይህን ይዞ የመጣ ሰው በየሎጁና በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ካርዱን ማሳየት ይኖርበታል፤ የመግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊ፣ ለነዋሪና ለውጭ ዜጋ የተለያየ ስለሆነ ካርዱ ቤት ቢረሳ ኪስ ይጎዳል።

ስንቅ መግዛት ለአትክልት ተራ ሰው የሚያኮራ ሥራ ቢሆንም ገበያው ራሱ ቦታ ቀይሯል። ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሚወርደው በኩል የነበረው የጅምላ ገበያ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሜዳው መለቀቅ ስለነበረበት ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። የድሮውን ሰፈር አምኖ በጠዋት የሚወጣ ተመላሽ ጊዜውን ያባክናል። ከኃይሌ ጋርመንት ተገዝቶ ቢነሣ ግን ከከተማው ደቡባዊ መውጫ ብዙም ስለማይርቅ ጉዞውን ያሳጥራል።

ለመንገድ የሚሆን ቲማቲም ከደም መሳዩ ሳይሆን ከአጋማሹ፣ ትከሻው ገና አረንጓዴ ካለው ይመረጣል፤ ሁለት ቀን በመኪና ሙቀት ሲቆይ ራሱ ይበስላል። በሳጥን የሚገዛ ሰው ከላይ የተደረደረውን አይቶ ብቻ አይክፈል። እጁን ወደ ሥሩ ሰዶ አንድ ሁለቱን ያውጣ፤ ጭማቂ ከነካው ሳጥኑ ውስጥ የተጨፈለቀ አለ ማለት ነው። ሽንኩርቱ ቅርፊቱ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ፣ አንገቱ የደረቀ ይሁን። አቮካዶ ለየቀኑ በተለያየ የብስለት ደረጃ ይያዛል፦ ለዛሬ የለሰለሰ፣ ለነገ ጣት የሚቀበል፣ ለከነገ ወዲያ ጠንካራ። ድንች አረንጓዴ ካጠላበት ይተው። ከዚህ ሁሉ ጋር መዘንጋት የሌለበት እውነት አለ፤ በአዲስ አበባ ገበያ የሚሸጠው ቲማቲምና ሽንኩርት በብዛት የሚመጣው ወደ ላንጋኖ በሚወስደው በዚሁ መንገድ፣ ከመቂና ከዝዋይ ማሳዎች ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀን የሚሆነውን ብቻ ከከተማ ይዞ ቀሪውን መንገድ ላይ መግዛት ብልህነት ነው። እንጀራና በርበሬ ግን ከቤት ይወሰድ።

መንገዱም ከድሮው ተለውጧል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፤ ከሞጆ ተገንጥሎ ወደ መቂና ባቱ የሚሄደው ፈጣን መንገድ ደግሞ የድሮውን የከባድ መኪና ሰልፍ ያስቀራል። ባቱ ማለት ዝዋይ ነው፤ ካርታና ታፔላ ላይ ባቱ የሚለውን ያነበበ አያት ግራ እንዳይጋባ ቀድሞ ይነገረው። ናፍቆት ያለበት ሰው ከሞጆ በኋላ አሮጌውን መንገድ ቢመርጥ ቆቃን፣ ዓለም ጤናንና መቂን ያያል። የቆቃ ግድብ ኢጣሊያ በጦር ካሳ በከፈለችው ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረ ነው፤ ለልጆች ከመስኮት እያሳዩ የሚተርኩት ታሪክ ይሆናል።

ነዳጅ ከከተማ ሳይወጡ ይሞላል፤ ክፍያው በቴሌብር ወይም በሌላ ዲጂታል መንገድ ስለሆነ ስልኩ ባትሪና ብር ይኑረው። የሕዝብ ትራንስፖርት የሚጠቀም ወደ ደቡብ የሚሄዱትን በብዛት ከቃሊቲ መናኸሪያ ያገኛል። ሻሸመኔ ወይም ሐዋሳ የሚሄደውን ተሳፍሮ የሎጁ መገንጠያ ላይ መውረድ፣ ከዚያ ባጃጅ ወይም የሎጁን መኪና መጠበቅ ነው፤ ሎጁ ቀድሞ ከተነገረው ሰው ይልካል። የመንገዱን ሰላም ከመነሣት በፊት ከዚያው አካባቢ ካሉ ሰዎች ማጣራት፣ ከመሸ በኋላም አለመጓዝ ግድ ነው። በማለዳ የወጣ ቤተሰብ እረፍት ወስዶም ለምሳ ባቱ ይደርሳል።

ባቱ ላይ አለማረፍ ግፍ ነው። ጎኑ በቢላ የተተለተለ ሙሉ ቆሮሶ ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር ይቀርባል። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የተባለው ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ከአጥማጆቹ እግር ሥር እየተንጎራደደ የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ ልጆች ከምሳው ይልቅ እሱን ያያሉ። ጉዞው በሑዳዴ ከሆነ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ በየቤቱ ልማዱ የተለያየ ስለሆነ ለማይበሉት ሽሮና በየዓይነቱ ቀድሞ ማዘዝ ሰላም ያወርዳል። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ግን መዋኘት አይገባም፤ ቢልሃርዝያ አለበት። ጊዜ ያለው በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ይሻገራል። ከነዚህ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ሸሽቶ የተቀመጠበት እንደሆነ በትውፊት ይነገርለታል። ይህ ግን ሙሉ ቀን ይበላል፤ ላንጋኖን በናፈቁ ልጆች ላይ መጫን ተገቢ አይደለም።

ላንጋኖ ሲደረስ የሐይቁን የቀን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠዋት ውኃው ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ማዕበሉ ከፍ ይላል። ትንንሾቹ የሚዋኙት ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ለመረብ ኳስ፣ ለእንቅልፍና ለወሬ ይተው። ቡናማ ውኃ ውስጥ ከወገብ በታች ምንም ስለማይታይ ልጅ ከጠለቀ በዓይን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ነፍስ አድን ጃኬት ከአዲስ አበባ ይገዛ፣ አንድ ዐዋቂም በተራ ውኃ ዳር ይመደብ፤ ስልክ እያየ የሚጠብቅ ሰው አልጠበቀም። ጠርዙ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ቢመስልም በድንገት የሚወርድበት ቦታ አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ከመግባት በፊት የሎጁን ሠራተኛ ወይም ጀልበኛ መጠየቅ ይበጃል። በተለይ በምሥራቁ በኩል ጉማሬ ስለሚወጣ ከመሸ በኋላ ውኃ ዳር ብቻውን የሚንሸራሸር አይኑር። የሐይቁ ውኃ አይጠጣም፤ የመጠጥ ውኃ በካርቶን ይያዝ።

ከዋና ሌላ ግማሽ ቀን የሚያስፈልገው በአስፋልቱ ማዶ ያለው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ስፋቱ 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። በሩ አካባቢ ሰጎንና ሚዳቋ ይታያል። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ስላለው ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጥልቁ ነው፤ ዳርቻው ላይ የሚፈላ ምንጭ አለ፣ ልጅ እጁን እንዳይነክር ይያዝ። አብያታ ግን ቤተሰቡ ከሚያስታውሰው እጅግ ሸሽቷል። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣው ውኃ ለመስኖ ስለሚጠለፍ፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከራሱ ከሐይቁ ሲቀዳ ስለኖረ ድሮ ውኃ የነበረበት ቦታ ዛሬ ነጭ ሜዳ ነው። ፍላሚንጎ ለማየት የጓጓ ሹፌር ይህን ነጭ ሜዳ ጠንካራ መሬት መስሎት ይነዳበታል። ላዩ ደረቅ ሲሆን ሥሩ ጭቃ ስለሆነ ጎማው ይሰምጣል፤ መኪና ለማውጣት ደግሞ ከመንደሩ ሰው መጥራት፣ ዋጋ መከራከርና ግማሽ ቀን ማጣት ይከተላል። መኪናውን አቁሞ ከፓርኩ አስጎብኚ ጋር በእግር መሄድ ነው የሚሻለው። በዝዋይና በላንጋኖ መካከል ያለው የአሉቶ ተራራ ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ መገኛ ነው፤ ከሩቅ የሚታየውን ጭስ ልጆች እሳት ነው ብለው እንዳይፈሩ ይነገራቸው።

የመልሱ ጉዞ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዳይሆን ማድረግ ከተቻለ ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል፤ ያን ሰዓት ከሐዋሳም ከሻሸመኔም የሚመለሰው መኪና ሁሉ ይገናኛል። ከቁርስ በኋላ የተነሣ መቂ ላይ ቆሞ ሽንኩርትና ቲማቲም በጆንያና በሳጥን ለመግዛት ጊዜ ያገኛል። ዋጋው ከከተማው ይቀንሳል፤ ከመክፈል በፊት ግን መኪናው ስንት እንደሚችል ይታሰብ፣ ከኋላ ሦስት ልጅና እርጥብ ልብስ አለና። ክፍሉ የወደዱት ከሆነ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የፋሲካ ማግሥት የሚሆነውን ቅድሚያ ክፍያ ሒሳብ ሲዘጋ እዚያው ከፍሎ ደረሰኝ መያዝ ይሻላል፤ ከጥር በኋላ በስልክ ሲጠየቅ ክፍል ተይዟል የሚል መልስ ይበዛል።