የአምስት ሰዓት ገበያ በላ ጉሌት ወደብ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሦስት ሺህ መንገደኞች የጫነ የመዝናኛ መርከብ ላ ጉሌት ደረሰ እንበል። ወደቡ ከቱኒዝያ ዋና ከተማ ከቱኒስ መሐል 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መርከቡ በዚያው ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ይሄዳል፤ መንገደኞቹም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው እንዲመለሱ ይነገራቸዋል። የመውረጃው ሰልፍና ፍተሻው ሲቀነስ ለአንድ መንገደኛ የሚተርፈው ጊዜ ከአምስት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የላ ጉሌት ገበያ እንግዲህ ይኸው ነው። ለመሆኑ በዚህ አጭር ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ በማን እጅ ይቀራል?

ወደቡ የሚታይ ነገር በማጣት አይታማም። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ያፈረሷትና በኋላም ራሳቸው መልሰው የገነቧት የካርቴጅ ፍርስራሽ በቅርብ ይገኛል። ከእርሱ አለፍ ሲሉ በነጭ ግድግዳዎቿና በሰማያዊ በሮቿ የምትታወቀው ሲዲ ቡ ሰኢድ አለች። በሌላ በኩል ደግሞ መዲና እየተባለ የሚጠራው የቱኒስ አሮጌ ከተማ ከነሽቶ ተራውና ከነቀይ የሱፍ ቆብ ሠሪዎቹ ይጠብቃል። ካርቴጅም መዲናውም እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

መንገደኛው እነዚህን ቦታዎች የሚያይበት ዋነኛ መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ገና ባሕር ላይ ሳለ ከመርከቡ ቆጣሪ ትኬት መግዛት ሲሆን፣ ሁለተኛው ወርዶ በወደቡ በር ላይ ከቆሙት ባለታክሲዎች ጋር መደራደር ነው። ለምሳሌ ያህል መርከቡ በነፍስ ወከፍ 60 ዩሮ ቢያስከፍል አራት አባላት ያሉት ቤተሰብ 240 ዩሮ ያወጣል። ባለታክሲው ግን እነዚያኑ ቦታዎች አራቱንም ጭኖ በ100 ዩሮ ሊያዞራቸው ይችላል። ከትኬቱ ሒሳብ መርከቡ የራሱን ድርሻ ያስቀራል፤ የቀረውን አውቶቡስና አስጎብኚ ላቀረበው የአገሩ ድርጅት ይከፍላል።

ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ ሰው ለምን ከመርከቡ ይገዛል? መልሱ በሰዓቱ ላይ ነው። የመርከቡ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ ወይም መንገደኛውን በራሱ ወጪ ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሳል። በታክሲ የሄደው ቢዘገይ ግን መርከቡ ጥሎት ይሄዳል፤ የአውሮፕላኑንም የሆቴሉንም ሒሳብ ራሱ ይችላል። እንግዲህ መርከቡ የሚሸጠው ካርቴጅን ሳይሆን “አትቀርም” የሚለውን ዋስትና ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከግብፅ የእስክንድርያ ወደብ ተነሥቶ ካይሮ ለመድረስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ስለሚያስፈልግ እንዲህ ያለው ዋስትና ዋጋ ቢያወጣ አይፈረድም። ላ ጉሌት ግን ሁሉም ነገር ቅርብ ነው። መንገደኛው ይህን ስለማያውቅ ለ10 ኪሎ ሜትር መንገድ የ200 ኪሎ ሜትር ፍርሃት ይከፍላል።

ፍርሃቱን የሚያባብሱት አንዳንድ ጊዜ የወደቡ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። መንገደኛው ከበሩ ወጣ ሲል አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ይጠራዋል። የከተማው ቢጫ ታክሲዎች ቆጣሪ እያላቸው በወደቡ በር ላይ ዋጋው በቃል ይጠራል፤ ሦስት እጥፍ ተብሎ ይጀመርና ወደ ግማሽ ይወርዳል። ዋጋው በቀነሰ ቁጥር ደስ የሚለው ደንበኛ አለ፤ የሚበዛው ግን “የመጀመሪያው ዋጋ ሊያታልለኝ ነበር” ብሎ ይደመድማል። አንዳንዱም ተመልሶ መርከቡ ላይ ይወጣና ቀኑን በመዋኛው ዳር ያሳልፋል። ያ ሰው ለመዲናውም ለባለታክሲውም የጠፋ ገበያ ነው።

መዲና ውስጥ ደግሞ የምንጣፍ ሱቅ አለ። “ከጣሪያችን ላይ ከተማው በሙሉ ይታያል፣ በነፃ ነው” ይባላል፤ እውነትም ይታያል። ሲወርዱ ግን ሻይ ቀርቦ ምንጣፍ ይዘረጋል። ያመጣው ሰው ከሽያጩ ኮሚሽን ስለሚያገኝ አይቸኩልም። ባለሱቁም ኮሚሽኑን በዋጋው ላይ ይጨምረዋል። በጥበብ የተሠራ ምንጣፍ እንዲህ ሲሸጥ ሠሪው የሚያገኘው ትንሽ፣ ገዢው የሚከፍለው ብዙ ይሆናል። ከአምስቱ ሰዓት አንዱ እዚያ ማለቁም ሌላ ኪሳራ ነው።

ምግብ ቤቶቹም ብዙ አይቀናቸውም። ላ ጉሌት በዓሣዋ የታወቀች ብትሆንም መንገደኛው ምሳውን መርከቡ ላይ አስቀድሞ ስለከፈለ ለሁለተኛ ጊዜ አይከፍልም። ዲናሩም ችግር አለበት፤ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ መንገደኛው ብዙ መመንዘር አይፈልግም። በዩሮ ከፍሎ መልሱን በዲናር ሲቀበል ደግሞ ሳይወድ ሌላ ዕቃ ይገዛል፤ ወይም ይነጫነጫል።

የዚህ ገበያ መሠረት እምነት መሆኑ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2015 ነበር። በዚያ ዕለት “ኤምኤስሲ ስፕሌንዲዳ” እና “ኮስታ ፋሺኖሳ” የተባሉ መርከቦች ላ ጉሌት ቆመው ነበር። መንገደኞቻቸውን የያዙ አውቶቡሶች በሮማውያን ሞዛይክ ወደሚታወቀው ባርዶ ሙዚየም ሄደው ሳለ ታጣቂዎች ጥቃት አደረሱ። 21 ቱሪስቶችን ጨምሮ 22 ሰዎች ተገደሉ። ሁለት ስፔናውያን መንገደኞች በሙዚየሙ ውስጥ ተደብቀው አደሩ። ሁለቱም ኩባንያዎች ወደ ቱኒዝያ የሚያደርጉትን ጉዞ ሰረዙ። በዚያው ዓመት በጁን ወር በሱስ የባሕር ዳርቻ 38 ሰዎች ሲገደሉ የሚመለስ መርከብ ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም።

ከመርከቡ ትኬት የሚካፈለው አስጎብኚም፣ በር ላይ የሚደራደረው ባለታክሲም፣ ሻይ የሚያቀርበው ባለምንጣፍም በአንድ ሳምንት ውስጥ እኩል ባዶ እጃቸውን ቀሩ። መርከብ አቅጣጫ ለውጦ ወደ ሌላ የሜዲትራኒያን ወደብ ይሄዳል፤ ካርቴጅ ግን ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 “ዩሮፓ” የተባለች መርከብ መጥታ ዝምታውን ሰበረች፤ በ2020 ወረርሽኙ እንደገና ዘጋው፤ ከዚያም መርከቦች ቀስ በቀስ ተመለሱ። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተዘግቶ የነበረው ባርዶም በሴፕቴምበር 2023 በሩን ከፍቷል።

የወደቡ ነጋዴዎች ዋስትናውን ከመርከቡ እጅ ሊካፈሉት አይችሉም ማለት አይደለም። በበሩ ላይ የተለጠፈ የዋጋ ሰሌዳ፣ የመመለሻው ሰዓት የተጻፈበት ደረሰኝ፣ ሒሳቡንም ሲመለሱ ብቻ መቀበል ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ መንገደኛውን ያሳምናል። ለዚህ የሚሆን አርአያ እዚያው ሠፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1872 የተከፈተው የቱኒስ፣ የላ ጉሌትና የላ ማርሳ ባቡር ከወደቡ በእግር በሚደረስበት ጣቢያ ይቆማል፤ በአንድ በኩል ካርቴጅንና ሲዲ ቡ ሰኢድን ያደርሳል፣ በሌላው ቱኒስን። ዋጋው ጥቂት ሳንቲም ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። ብቻ ትኬቱ የሚቆረጠው በዲናር ስለሆነ መንገደኛው አስቀድሞ ትንሽ መመንዘር አለበት።