በደጋ ደን ውስጥ በድንኳን ማደር

የአካባቢው ገጽታ

ሂርና ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) በስተምሥራቅ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዙሪያዋ ያሉት የጨርጨር ተራሮች ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣሉ። ዝቅ ያለው ተዳፋት በጫት፣ በቡናና በማሽላ ማሳ የተያዘ በመሆኑ፣ ጥድና ዝግባ ያለበት የተፈጥሮ ደን የቀረው በአመዛኙ በከፍታው ላይ ነው።

ከእነዚህ ደኖች በስፋት የሚታወቀው ከጭሮ በስተደቡብ ያለው የኩኒ ሙክታር መጠለያ (ለተወሰነ የዱር እንስሳ ጥበቃ የተከለለ ቦታ) ነው። የሚጠበቅበት የደጋ አጋዘን በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ምስሉ በአሥር ሳንቲም ላይ ተቀርጿል። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። በእንዲህ ያለ ክልል ለማደር አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅና ደኑን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው መያዝ ተገቢ ነው።

የሌሊቱ ቅዝቃዜ ምክንያት

አየር ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። በሂርና ከተማ 14 ዲግሪ የሆነ ሌሊት፣ ከከተማዋ 1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ 8 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰማዩ መጥራት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት ደመና ስለማይኖር፣ መሬት ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ያመልጣል። በመሬቱ አጠገብ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ውርጭ ከገመገሙ ይልቅ የረባዳውን ሰብል ቀድሞ የሚመታውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ድንኳን የሚተከልበት ቦታ

ከላይ ከተገለጸው እንደሚታየው፣ ለዓይን ምቹ የሚመስለው የሸለቆ ሜዳ ሌሊት ከሁሉም ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከሸለቆው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከነፋስ የተከለለና በመጠኑ ያዘነበለ ቦታ ይሻላል። ያዘነበለ መሬት የዝናብ ውኃ እንዳይተኛበት ያደርጋል፤ ስለሆነም በድንኳኑ ዙሪያ ቦይ መቆፈር አያስፈልግም። የተቆፈረ ቦይ የደን አፈር በጎርፍ እንዲጠረግ መንገድ ይከፍታል።

የዛፍ ጥላ መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ እንዳያጣ ያግዛል። ሆኖም ደረቅ ቅርንጫፍ ከተንጠለጠለበት ዛፍ ሥርና መብረቅ ከሚስብ ብቸኛ ዛፍ አጠገብ መራቅ ይገባል። ውኃ የሌለበት ደረቅ ቦይም ቢሆን አያስተማምንም፤ ከላይ በተራራው የዘነበ ዝናብ ቦታው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊያመጣ ይችላል።

የድንኳን አሠራር

ድንኳን ሙቀት አይፈጥርም፤ የሚያደርገው ነፋስንና ዝናብን መከላከል ነው። ባለሁለት ሽፋን ድንኳን አየር የሚያሳልፍ ውስጠኛ ጨርቅና ውኃ የማያስገባ ውጫዊ ጨርቅ አለው። የተኛ ሰው ከትንፋሹ የሚያወጣው እንፋሎት ውስጠኛውን አልፎ ቀዝቃዛውን ውጫዊ ጨርቅ ሲነካ፣ በአክንባሎ ውስጥ እንደሚታየው ጠብታ ይሆናል። መተንፈሻዎቹ ሁሉ ከተዘጉ እርጥበቱ ይበዛና ብርድ ልብሱ ይርሳል፤ የራሰ ልብስ ደግሞ ሙቀት አይዝም።

ከሰውነት ሙቀት ብዙው የሚጠፋው ከሥር፣ በቀዝቃዛው መሬት በኩል ነው። ስለዚህ ከላይ ብርድ ልብስ ከመደራረብ በፊት ወፍራም ፍራሽ ወይም ስፖንጅ ከሥር ማንጠፍ ይቀድማል። ከሰል በድንኳን ውስጥ ማንደድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ (ሽታና ቀለም የሌለው መርዛማ ጋዝ) በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ይገድላል።

እሳትና ምግብ

ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በ2,800 ሜትር ከፍታ ግን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሚፈላው ውኃ ሙቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ብዙ ጊዜና ነዳጅ ይፈጃሉ። በሶ፣ ቆሎና ጩኮ (ከተቆላ የገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራ ምግብ) ምድጃ ስለማይሹ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ይመቻሉ። የተረፈ ምግብም ጅብንና ሌሎች እንስሳትን በሽታው ስለሚስብ ከመኝታ ቦታ ርቆ፣ በተከደነ ዕቃ ይቀመጣል።

በደረቅ ወራት የጥድ ቅጠልና ቅርፊት የተከማቸበት መሬት እሳትን ከላይ ሳያሳይ ከሥር ያጤሳል፤ ፍም በአፈር ተሸፍኖ ከቆየ በኋላ ነፋስ ሲያገኝ እንደገና ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ለማብሰል በተነጠፈ ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ የቡታ ጋዝ ምድጃ ይመረጣል። እሳት የግድ ከነደደም አመዱ በውኃ ርሶ፣ ተቀላቅሎ፣ በእጅ ሲነካ ቅዝቃዜው ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ቦታው ይለቀቃል። የተቃጠለ የጥድ ደን ለማገገም አሥርተ ዓመታት ይፈልጋል፤ የደጋ አጋዘንም መጠለያውን የሚያገኘው ከዚሁ ደን ነው።